ክብደቴ አልወርድ ያለው በሆርሞን ነው ወይስ በራሴ ጥፋት?

ጠይም ዕንቁ፦
ሰላም ቤቶች። ግራ የገባኝ ነገር አለ። 38 ዓመቴ ነው። ቀደም ሲል ዳይት ይዤ በደንብ ቀንሼ ነበር፣ ካምና ጀምሮ ግን የቀነስኩት ሁሉ ከነወለዱ ተመልሶ መጣ፣ በተለይ ሆዴ አካባቢ። ጓደኛዬ «ሆርሞንሽ ተዛብቶ ነው፣ ተመርመሪ» ትለኛለች። የጂም አሰልጣኜ ደግሞ «ሆርሞን ሰበብ ነው፣ አፍሽን ዝጊ» ብሎኝ እርፍ። ማንን ልመን? ሆርሞን እውነት ሰው ያወፍራል? የቱስ ነው? ቀን ቀን ደህና ነኝ፤ ማታ ግን፣ እራት በልቼ ጠግቤ ሁሉ፣ ፍሪጁን ከፍቼ እቆማለሁ፣ ዝጊኝ ብሎ እስኪጮህ ድረስ። የምታውቁ ንገሩኝ። ስድብ ክልክል ነው 😊

ነገር በልክ፦
የአሰልጣኝሽ አፍ ክፉ ነው እንጂ ያለው ግማሹ እውነት ነው። ሆርሞን ከባዶ ስብ አይሠራም። የገባው ከወጣው ከበለጠ ይከማቻል፣ ካነሰ ይቀንሳል፣ አለቀ። ታይሮይድ የሚሉት የአንገት ዕጢ ነው፣ ኮርቲሶል የሚሉት የጭንቀት ሆርሞን ነው እያሉ ከላብራቶሪ ላብራቶሪ የሚዞሩ ስንት ሰዎች አውቃለሁ፣ የአብዛኞቹ ውጤት ኖርማል ነው። እኔ ብሆን ከሁሉ በፊት የምበላውን ሳልደብቅ እጽፋለሁ።

የሌሊት ተረኛ፦
ነገር በልክ፣ ያልከው ልክ ነው፣ ግን ዋናውን ጥያቄ ዘለልከው። ምን ያህል እንደምንበላ የሚወስነው ማነው?

ሙያዬ ጤና ነው፣ ትንሽ ላስረዝም። ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን አለ፣ የሚመነጨው ከራሱ ከስባችን ነው። ስብ ሲበዛ ይበዛል፣ ሲያንስ ያንሳል፣ አንጎል ስንቅ መኖር አለመኖሩን የሚያውቀው በሱ ነው። ዘረ መሉን በ1994 እ.ኤ.አ. ያገኙት ኒውዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ያሉት ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ናቸው፣ በልተው የማይጠግቡ አይጦችን ሲያጠኑ። ያኔ ብዙ ሰው የውፍረት ነገር ተፈታ ብሎ ነበር። አልተፈታም። ሌፕቲን ጭራሽ ሳይኖራቸው የሚወለዱ በጣም ጥቂት ልጆች አሉ፣ እነሱ በመርፌ ሲሰጣቸው ረሃባቸው ጋብ ይላል። ሌላው ወፍራም ሰው ግን ሲለካ ሌፕቲኑ ሞልቷል፤ አንጎሉ ነው የማይሰማው።

በ1999 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጃፓኖች ግሬሊን የሚባለውን የረሃብ ሆርሞን አገኙ። ይሄኛው በብዛት ከጨጓራ ነው የሚወጣው፣ ከምግብ በፊት ከፍ ይላል፣ ስንበላ ይወርዳል። አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ዳይት ይዘሽ ስትቀንሺ ሌፕቲን ይወርዳል፣ ግሬሊን ይወጣል፣ ሰውነትሽ የረሃብ ዘመን የመጣ ነው የሚመስለው። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ክብደት የቀነሱ ሰዎችን ተከታትሎ ከዓመት በኋላ እንኳ ሆርሞኖቹ ወደ ቦታቸው እንዳልተመለሱና ሰዎቹም ከበፊቱ የበለጠ እንደሚርባቸው አሳይቷል። ስለዚህ «አፍሽን ዝጊ» ማለት ትንፋሽሽን ያዢ እንደማለት ነው። ይቻላል። እስከ መቼ?

እንቅልፍሽስ እንዴት ነው? ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ለሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ አስተኝተው ሲለኳቸው ሌፕቲናቸው በ18 በመቶ ወርዶ ግሬሊናቸው በ28 በመቶ ጨምሮ ነበር። የማታው ፍሪጅ ከዚህ ጋር ሊያያዝ ይችላል።

እንቡጥ፦
የሌሊት ተረኛ እጅህ ይባረክ። ታይሮይዱንስ? እኔ የታይሮይድ ማነስ አለብኝና ሁሉም ሰው «አሃ፣ ለዛ ነው የወፈርሽው» ይለኛል። ሐኪሜ የነገረችኝ ግን በታይሮይድ ማነስ የሚመጣው ጭማሪ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ገደማ ነው፣ እሱም ብዙው ጨውና ውሃ እንጂ ስብ አይደለም። መድኃኒቱን ጀምሬ እብጠቱና ድካሙ ለቀቀኝ፣ ሚዛኑ ላይ ግን ያሰብኩትን ያህል አልወረደም።

የሌሊት ተረኛ፦
ልክ ብላሻለች። ኮርቲሶልም እንደዛው ነው፣ ስሙ በየቦታው ይነሳል እንጂ ከልክ በላይ ሲበዛ የሚመጣው በሽታ፣ ኩሺንግ የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ሲገጥም ደግሞ ምልክት አለው፦ ፊት ይከባል፣ እጅና እግር ሲቀጥን ሆድ ይወጣል፣ ቆዳ ላይ ሰፋፊ ወይን ጠጅ ሸንተረሮች ይወጣሉ፣ ትንሽ ሲነካ ይበልዛል፣ ከወንበር ለመነሳት ጉልበት ያጣል። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱም እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ኮርቲሶል መሰል መድኃኒት ለረጅም ጊዜ መውሰድ ነው። የወር አበባ ተዛብቶ አገጭ ላይ ፀጉር፣ ፊት ላይ ብጉር ከመጣ ደግሞ ፒሲኦኤስ (ከእንቁላል ማምረቻ ጋር የተያያዘ የሆርሞን መዛባት) ይጠረጠራል፣ እዛ ላይ ኢንሱሊን ከፍ ብሎ ስብ ማቃጠሉን ያከብደዋል።

ጠይም ዕንቁ፣ ሦስት ነገር ልጠይቅሽ። መድኃኒት ትወስጃለሽ? የወር አበባሽ እንዴት ነው? ቤተሰብ ውስጥ ስኳር አለ?

ጠይም ዕንቁ፦
ስኳር የለም። መድኃኒትም የለም። የወር አበባ ግን ካምና ጀምሮ ጠፍቷል፣ የሦስት ወሩን መርፌ እየተወጋሁ ስለሆነ ነው ብዬ ትቼዋለሁ። ቪታሚን እወስዳለሁ፣ የፀጉር።

እንቡጥ፦
ኧረ እህቴ! መርፌውም እኮ መድኃኒት ነው!

ነገር በልክ፦
ይሄን ከመጀመሪያው ብትነግሪን እኔም አልከራከርም ነበር 😂

የሌሊት ተረኛ፦
ካምና ጀምሮ መወፈር፣ ካምና ጀምሮ መርፌ። በሱ ነው ብዬ አልምልም፣ መጀመሪያ የማየው ግን እሱን ነው። መርፌው የፕሮጄስትሮን ዓይነት ሆርሞን ነው፣ አንዳንዷ ላይ ምንም አያመጣም፣ አንዳንዷን ግን የምግብ ፍላጎቷን ከፍቶ ያወፍራታል። የታወቀ ነገር አለ፤ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከክብደታቸው ከ5 በመቶ በላይ የጨመሩ ሴቶች ከዛ በኋላም መጨመራቸው ይቀጥላል። ስለዚህ ያኔ ስንት ኪሎ እንደነበርሽ ካርድሽ ላይ ካለ አሰሊው። የወር አበባ መጥፋቱም ከመርፌው ሊሆን ስለሚችል በሱ ብቻ ፒሲኦኤስ ነው አይደለም ማለት አይቻልም።

የምትወጊበት ቀን ሳይደርስ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ሄደሽ አማክሪ። ሆርሞን የሌለው ሉፕም አለ። ሌላ ሳትይዢ ግን ዝም ብለሽ አታቋርጪ፣ ሌላ ጣጣ ይመጣል።

ታይሮይድ መለካት ከፈለግሽ ቲኤስኤች የሚባለው የደም ምርመራ ለመነሻ በቂ ነው። የፀጉር ቪታሚኑ ላይ ባዮቲን የሚል ካለ ግን ደም ከመስጠትሽ ቢያንስ ሁለት ቀን በፊት አቁሚው፣ ለሚወስድልሽም ንገሪው፣ ባዮቲን ውጤቱን ሊያዛባ ይችላል።

ጠይም ዕንቁ፦
አሁን ዕቃውን ገልብጬ አየሁት፣ ባዮቲን ይላል፣ ከላይ በትልቁ። ካርዴንም አገኘሁት። የመርፌ ቀጠሮዬ ገና ሳምንት ይቀረዋል፣ እኔ ግን ነገ ጠዋት እሄዳለሁ።