የቆዩ ቤቶችን ሙሉ የኢነርጂ እድሳት፦ ሥራው ለምን ይጓተታል?

ቀዝቃዛ ቤት
ሰላም ለሁላችሁ። ሙቀት እንዳይወጣ የሚያግደው ኢንሱሌሽን አለ፣ ከውጭ ሙቀት ስቦ ቤት የሚያሞቀው ሂት ፓምፕ አለ፣ ባለ ሦስት መስታወት መስኮቱም አለ። ታዲያ ሥራው ለምን የኤሊ ጉዞ ሆነ? በአውሮፓ ኅብረት ኢነርጂ ለመቆጠብ የሚታደሱት ሕንፃዎች በዓመት 1 በመቶ ገደማ ናቸው። ፍጆታውን ቢያንስ በ60 በመቶ የሚቀንሰው ጥልቅ እድሳት ደግሞ 0.2 በመቶ። ችግሩ ገንዘብ ብቻ ነው?

መስኮት ገጣሚው
ገንዘብም አለበት። እኔ እንደማየው ግን ትልቁ ጣጣ እያንዳንዱ ቤት ከዜሮ መጀመሩ ነው፤ ይለካል፣ ንድፍ ይወጣል፣ ከዚያ የጣራው ሰው፣ የመስኮቱ ሰው፣ የኤሌክትሪኩ ሰው በየተራ ይገባሉ፣ አንዱ የደፈነውን ሌላው ይበሳዋል። ሆላንዶች ኤነርጂስፕሮንግ በሚባለው የእድሳት ፕሮግራም የሞከሩት ይህን ለማስቀረት ነው። ቤቱ በሌዘር ይለካል፣ መስኮትና ኢንሱሌሽን ያለው ግድግዳ ፋብሪካ ውስጥ ተሠርቶ ይመጣና በነባሩ ላይ ከውጭ ይገጠማል። ነዋሪው ቤቱን አይለቅም።

ጥያቄ አይሞትም
ያ የሚያዋጣው አንድ ዓይነት ቤት በመደዳ ሲኖር፣ ባለቤቱም አንድ ሲሆን ነው። ሆላንዶቹም እ.ኤ.አ. በ2013 111,000 ቤት ለማደስ ተስማምተው የሠሩት ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ገንዘብ ማፍሰስም ብቻውን አይሆንም። ጣሊያን በ2020 ሱፐርቦነስ ብላ ከወጪው 110 በመቶ በታክስ ቅናሽ እመልሳለሁ አለች። መንግሥት ከከፈለ ማን ዋጋ ይከራከራል? ዋጋው ናረ፣ ማጭበርበሩ በዛ፣ ሂሳቡም ከ100 ቢሊዮን ዩሮ አለፈ።

ሻጋታ ያሰለቸው
እኔ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ካላወቅን ብዛቱ ምን ያደርጋል እላለሁ። ቤቴ ንፋስ እያስገባ መጀመሪያ ሂት ፓምፕ አስገጠምኩ። ኢንሱሌሽኑ ሲሠራ ማሽኑ ለቤቱ ከመጠን በላይ ትልቅ ሆነ። መስኮቱን ግጥም አድርገው ዘጉልኝ፣ ስለ ቬንቲሌሽን (አየር ማናፈሻ) ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። በክረምቱ የመኝታ ቤቱ ጥግ ጠቆረ። ከሥራው በፊትና በኋላ በር ላይ ማራገቢያ ገጥሞ አየር የት እንደሚያፈስ የሚለካ ሰው ቅጠሩ፤ ዋጋው ከሻጋታው ይሻላል።

ቀዝቃዛ ቤት
ሁሉንም ባንዴ ለመሥራት አቅም ለሌለውስ?

መስኮት ገጣሚው
በደረጃ ይሠራል፣ ግን እቅዱ ከመጀመሪያው ሙሉ ይሁን። ኤነርፊት የሚባለው የፓሲቭ ሃውስ (በጣም ትንሽ ኢነርጂ የሚፈጅ ቤት) የእድሳት መስፈርት ራሱ ይህን ይፈቅዳል። ዘዴው ያው ሊጠገን የደረሰውን ነገር መጠበቅ ነው። ለጣራ ጥገና ስካፎልዲንግ (የሠራተኛ መወጣጫ) ከቆመ ኢንሱሌሽኑንም ያኔ ጨርሰው፤ በኋላ የሚለጠፈው የግድግዳ ኢንሱሌሽን ውፍረት እንዲሸፈን ደግሞ የጣራውን ጠርዝ አስረዝመው። ይህን የሚረሳው ብዙ ነው፣ ከዚያ እንደገና ማፍረስ ይመጣል። ያንተ ጣራ ስንት ዓመት ሆነው?