ለፎር ዊል መኪናዬ የትኛውን የብልሽት መመርመሪያ ልግዛ?

ሰላም ወገኖች፣ ግራ ገብቶኛልና እርዱኝ። መኪናዬ በአየር ሰስፔንሽን (በብረት ሞላ ፈንታ በአየር ከረጢት) የሚሠራ የናፍጣ ፎር ዊል ነው። ትናንት ድንጋያማ ዳገት ስወጣ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራ፤ ወዲያው በግራ የኋላ ጎማ በኩል እንደ ደከመ ግመል ቁጭ አለ። ያለችኝን ትንሽ የብሉቱዝ ኦቢዲ 2 (የመኪና ብልሽት ኮድ ማንበቢያ) ባለ 16 ፒኑ የመኪናው መመርመሪያ ሶኬት ላይ ስሰካት “ኮድ የለም” አለችኝ። አልፈርድባትም፣ የምታነበው በ“ፒ” የሚጀምሩትን የሞተር ኮዶች ብቻ ነው።

የምፈልገው በ“ሲ” የሚጀምሩትን የሻንሲ (የሰስፔንሽን፣ የፍሬንና የመሪ) ኮዶች የሚያነብ፣ ኮምፕሬሰሩን (አየር የሚሞላውን ፓምፕ) እና የአየር ቫልቮቹን አዝዞ የሚያስነሳ፣ የከፍታ ሴንሰር ሲቀየር የመኪናውን ከፍታ መልሶ የሚያስተካክል ነው። ለአንድ ብራንድ ብቻ የተሠራውን ልያዝ ወይስ ሁሉን አነባለሁ የሚለውን ታብሌት? ኔትወርክ በሌለበት ጫካ መሥራት አለበት፤ ይሄ ለድርድር አይቀርብም። የሞከራችሁ ካላችሁ፣ ኮድ ከማጥፋት አልፎ ቫልቭ ሲያስከፍት በዓይናችሁ ያያችሁትን ብቻ ንገሩኝ።