ብሉሬዩና ዲቪዲው ያው ሆነብኝ፤ ዓይኔ ነው ወይስ ቲቪው?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ ከዱባይ ስትመጣ ብሉሬይ (ከዲቪዲ የጠራ ሥዕል የሚይዝ የፊልም ዲስክ) ማጫወቻና 6 ዲስክ አመጣችልኝ። ቲቪያችን 32 ኢንች ፉል ኤችዲ ነው። ስንት ጊዜ የጓጓሁለት ነገር ስለሆነ የመጀመሪያውን ማታ ቤተሰቡን ሁሉ ሰብስቤ ከፈትኩት። አባቴ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ትንሽ አይተው "ከድሮው በምን ይለያል?" አሉኝ። መልስ አጣሁ።

አንዱ ፊልም በዲቪዲም ስላለኝ እያፈራረቅሁ አየሁት። ሶፋው ላይ ሆኜ ያው ነው። ተነስቼ ስጠጋ ደግሞ የባሰ አየሁ፤ የሰዎቹ ፊት ሰም የተቀባ ይመስላል። ደረቅ ዛፍ ከሰማይ ፊት ለፊት ሲቆም በየቅርንጫፉ ዙሪያ ቀጭን ነጭ መስመር አለ። ጨለማ ላይ ጥቁር ኮትና ግድግዳው አንድ ይሆናሉ። ገመዱ ኤችዲኤምአይ ነው፤ ሶፋው ከቲቪው 4 ሜትር ይርቃል። ቲቪ ለመቀየር አቅም የለኝም፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ብቻ ንገሩኝ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ ዓይንህ ደህና ነው። ቲቪ እየጠገንኩ የምተዳደር ነኝና ስለዚህ ነገር ብዙ ተጠይቄያለሁ።

መጀመሪያ ርቀቱ። የ32 ኢንች ስክሪን ቁመት 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሥዕሉ ከላይ እስከ ታች በተደረደሩ መስመሮች ነው የሚሠራው፤ የብሉሬዩ 1080 መስመር ያንን ቁመት ሲከፋፈለው አንዱ 0.4 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። የዲቪዲው 576 መስመር ደግሞ ለእያንዳንዱ 0.7 ገደማ ይደርሰዋል። ጤነኛ ዓይን በ4 ሜትር ላይ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰውን መለየት ያቅተዋል። ስለዚህ ከሶፋው ላይ ሁለቱም እኩል ናቸው፣ አባትህ ትክክል ናቸው። የስክሪኑን ቁመት ሦስት እጥፍ፣ ማለትም 1.2 ሜትር ያህል ተጠግተህ ፍረድ።

ሰሙ ግን የቲቪው ሥራ ነው። በፊልም ካሜራ የተቀረጸ ሥዕል በተፈጥሮው ደቃቅ አሸዋ የመሰለ ነገር አለው። ቲቪው ያንን እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ሲጠርግ የቆዳውን ቀዳዳና ሽብሽብም አብሮ ይጠርገዋል። "ኖይዝ ሪዳክሽን" የሚለውን አጥፋው። አሸዋው ሲመለስ እንዳትደነግጥ፣ ዲስኩ ላይ ያለው እሱ ነው። ነጩ መስመር ሻርፕነስ የሚባለው የቲቪው ማስተካከያ ሥራ ነው። ሻርፕነስ ዝርዝር የሚጨምር ይመስላል እንጂ የሚያደርገው ጠርዝ ላይ መስመር ማስመር ነው። ፊልሙን ያንኑ ዛፍ ላይ አቁመህ መስመሩ እስኪጠፋ ቀንስ። የቲቪውን የሥዕል ሞድም ቪቪድ ከሚለው አውጥተህ ሲኒማ አድርገው፤ ቪቪድ ለሱቅ መብራት የተሠራ ነው።

ሐረጎ

ማጫወቻው ራሱ ሥዕሉን በስንት መስመር እንደሚያወጣ አይተሃል? የእኔ 576 ላይ ቆሞ ስድስት ወር ሙሉ አላወቅሁም። 1080 አድርገው። ለጨለማው ደግሞ በማጫወቻውም በቲቪውም የኤችዲኤምአይ ብላክ ሌቭል (ጥቁሩ ከየት እንደሚጀምር የሚወስነው ማስተካከያ) አንድ ዓይነት ይሁን። ሳይገጥሙ ሲቀሩ ወይ ጥቁሩ ይዋጣል፣ ወይ ግራጫ ይሆናል።

ፒያሳ 11

ለምን ትደክማላችሁ? ከኢንተርኔት የወረደው ፊልም ይበቃል እኮ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ለስልክ ይበቃል። ግን የብሉሬይ ዲስክ በአንድ ንብርብር 25፣ በሁለት 50 ጊጋ ይይዛል። የወረደው 2 ጊጋ ከሆነ ያ ሁሉ መረጃ የሆነ ቦታ ተቆርጧል። ጭስ፣ ጉምና ጨለማ ላይ ተመልከተው፤ አራት ማዕዘን እየሆነ ይቆራረጣል።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ተባረኩ። ማጫወቻው 1080 ላይ ነበር። የቀረውን ሁሉ እንዳላችሁኝ አደረግሁ። ሻርፕነሱ 70 ላይ ነበር፣ 10 ላይ ስደርስ ነጩ መስመር ጠፋ። ለአባቴ በርጩማ ቲቪው አጠገብ አደረግሁላቸው። ያንን ጥቁር ኮት ሲያዩ ጎንበስ አሉና "ክርኑ ላይ ተጥፏል፤ በእጅ ነው የሰፉት" አሉ። እውነትም ክሩ አንድ በአንድ ይታያል። ዲቪዲውን መልሼ አስገባሁና እዚያው ቦታ ላይ አቆምኩት። ክርኑ ጥላ ብቻ ነው።