የተጣለ የዴንማርክ ወንበር በትንሽ ገንዘብ ማልበስ፦ ባሕር ዳር ላይ የቱን ሥራ ለማን?

ጠያቂ፦
ከቢሮ ዕቃ ጨረታ የተገኘ ባለ ክንድ ወንበር አለ። እንጨቱ ቲክ ነው፤ ከሥሩ የዴንማርክ የቤት ዕቃ አምራቾች ቁጥጥር ክብ ማህተም አለበት። መቀመጫውን የሚይዙት የላስቲክ ቀበቶዎች ደርቀው ተበጣጥሰዋል፣ ስፖንጁ ሲነኩት ይረግፋል፣ የግራ ክንዱ መጋጠሚያ ይነቃነቃል። መቀመጫው 55 በ55፣ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር፤ መደገፊያው 55 በ50፣ ውፍረቱ 8 ነው። ሶፋ ቤቶች ሁሉንም እኛ እንሥራልሽ ይላሉ። ገንዘቤ ውስን ነው። ለማን ልስጠው? ስፖንጁና ጨርቁስ ምን ዓይነት ይሁን?

ዋንዛ፦
እህቴ፣ ሙሉውን ለአንድ ሶፋ ቤት አትስጪ። ሶፋ ቤቶቻችን እጃቸው ፈጣን ነው፤ የለመዱት ግን ጣውላው በስፖንጅና በጨርቅ ተሸፍኖ የሚቀር ሶፋ ነው። የዚህ ወንበር ቁም ነገር ደግሞ የሚታየው እንጨት ነው። የላላ መጋጠሚያ ሲያዩ ምስማር ይመቱበታል፣ በላስቲኩ ፋንታ ኮምፔንሳቶ ያነጥፉበታል፣ የ10 ሳንቲ ሜትሩን ትራስ 15 ያደርጉታል። ያኔ ክንዱ ከክርን በታች ይወርዳል፣ ተረከዝም መሬት አይነካም። ይህን ዓይነት ወንበር የነደፈ ሰው ከፍታውን የለካው ትራሱና ላስቲኩ ሲቀመጡበት የሚሰምጡትን ጭምር ቆጥሮ ነው። ስለዚህ ሥራውን ክፈይው፦ መጋጠሚያው ለአናጢ፣ ስፌቱ ለባጃጅ ወንበር ሰፊ፣ ላስቲኩና ስፖንጁ በራስሽ እጅ።

ከሁሉ በፊት ግን ወንበሩ ቤት ሳይገባ ትኋን ይፈለግ። የትራሱን ስፌት፣ የብሎን ቀዳዳዎችን፣ ላስቲኩ የሚገባበትን ስንጥቅ በባትሪ እይው። ጥቁር ነጠብጣብ ካለ አሮጌውን ጨርቅና ስፖንጅ እዚያው ውጭ በፌስታል ቋጥረሽ ጣይ። የሚረግፍ አሮጌ ስፖንጅ ብናኙ ለሳንባ አይበጅም፤ አፍና አፍንጫ ሸፍኖ ነው የሚነሳው። ጨርቁን ግን ትኋን ከሌለበት አትጣይው፤ ስፌቱን ተርትረሽ አስቀምጪው፣ ለአዲሱ ልክ ይሆናል። እንጨቱ ላይ የመርፌ ራስ የሚያህል ቀዳዳና ከሥሩ አዲስ ዱቄት ካየሽ ነቀዝ ነው። ፀሐይ ላይ ማስጣት ብቻውን አይገድለውም፣ የእንጨት ፀረ ተባይ በስሪንጅ በየቀዳዳው ይሰጠዋል።

ለአናጢው የምትነግሪው ይህን ነው። መጋጠሚያው ሙሉ በሙሉ ይፈታ፤ ከላይ ኮላ ማፍሰስ አይሠራም፣ አዲስ ኮላ በአሮጌ ኮላ ላይ አይይዝም። አሮጌው በሙቅ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ይለሰልስ፣ ካልለቀቀ በቢላ ጫፍ እስከ እንጨቱ ድረስ ይፋቅ፣ ከዚያ በደንብ ይድረቅ። ቲክ የራሱ ቅባት አለው፤ ኮላ ሳይቀባ በፊት በአሴቶን ይጠረግ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይሆንም፣ ብዙው ዘይት ይጨመርበታል። ነጭ የእንጨት ኮላ በሁለቱም ፊት ይቀባና ይጠበቅ። ሞርሳ ከሌለው ወፍራም ገመድ ዙሪያውን አስሮ በዱላ መጠምዘዝ እኩል ይሠራል፣ ገመዱ እንጨቱን በሚነካበት ቦታ እጥፍ ጨርቅ ይደረግ። ኮላው ገና እርጥብ ሳለ ወንበሩ በሊሾ ወለል ላይ ይቁምና አራቱ እግሮች እኩል መንካታቸው ይታይ። አሁን ያልተስተካከለ እግር ነገ በመጋዝ ካልሆነ አይስተካከልም። 24 ሰዓት ሳይነካ ይደር።

ምስማር በፍጹም አይሁን። ምስማር ምላሱን፣ ማለትም መጋጠሚያው ቀዳዳ ውስጥ የሚገባውን የእንጨት ጫፍ፣ ይሰነጥቀዋል፣ ከዚያ በኋላ ኮላም አያድነውም። ቫርኒሽም አያስፈልግም። ቆሻሻውን በሳሙና ውሃ አጥቦ፣ ከደረቀ በኋላ በ240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በእንጨቱ ጭረት አቅጣጫ ቀለል አድርጎ ማሸትና ዘይት ማጠጣት ይበቃል። ዘይቱ ለእንጨት የተዘጋጀ፣ ማድረቂያ ያለው የተልባ ዘይት ይሁን። የወጥ ቤት ኑግ ዘይት የሚቀቡ አሉ፤ ኑግ በቅጡ አይደርቅም፣ ተጣብቆ አቧራ ይሰበስባል። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል፤ ዘርግተሽ ውጭ አድርቂው ወይም ውሃ ውስጥ ንከሪው።

ካቻቢቴ፦
ጋሼ ዋንዛ ያሉት ላይ የላስቲኩን ነገር ልጨምር። የወንበሩን የጎን እንጨት ከውስጥ በኩል ተመልከቺ። ያጋደለ ስንጥቅ ካለና በላስቲኩ ጫፍ ላይ የብረት መቆንጠጫ ካለ መቆንጠጫዎቹን አትጣይ። እዚህ ገበያ ላይ ማግኘት ይከብዳል፣ አሮጌው ግን በካቻቢቴ ተከፍቶ፣ አዲስ ላስቲክ ገብቶበት፣ በሞርሳ ተጨብጦ እንደገና ያገለግላል።

ላስቲኩ የሶፋ ዕቃ ከሚሸጡት ይገዛል፣ ስፋቱ 5 ሳንቲ ሜትር። ሁለት ዓይነት ስላለ ጎትተሽ ሞክሪ፦ በቀላሉ እጥፍ የሚረዝመው ለመደገፊያ ነው፣ ጠንከር ብሎ የሚለጠጠው ለመቀመጫ። ስሌቱ እንዲህ ነው። በሁለቱ ጎኖች መካከል ያለው ክፍተት 50 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 10 በመቶ ይቀነሳል፣ 45 ይሆናል፤ ለእጥፋት በየጫፉ 3 ሲጨመር 51። ለ55 ጥልቀት 7 ቀበቶ ይበቃል፣ በየመሃሉ ሁለት ጣት ያህል ይተዋል። 4 ሜትር ግዢ። ለመደገፊያው ደግሞ ለስላሳው 4 ቀበቶ ይበቃዋል። ከ10 በመቶ በላይ አጥብቀሽ ከወጠርሽ የጎን እንጨቱ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ አሁን የተጠገነው መጋጠሚያ እንደገና ይከፈታል። ካላላሽ ደግሞ ትራሱ መሃሉ ላይ ይወድቃል።

ከዚህም ይርከስ ከተባለ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ በ5 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ ይሠራል። ሁለት ጉድለት አለው፦ እየዋለ እያደረ ይረዝማል፣ ጥቁሩም ወደ ነጣ ያለ ጨርቅ ያልፋል። ከላዩ የአቡጀዲ ሽፋን ከተደረገ ሁለተኛው ይቀራል፤ ለመጀመሪያው መፍትሔው ዳግም መወጠር ብቻ ነው።

ዓባይ ማዶ፦
ጠፍርስ ለምን አይሆንም? የአልጋ ጠፍር የሚጠፍሩ ሰዎች አሉ፣ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ዋንዛ፦
ጠፍር ለጠፍር አልጋ ነው። እርጥብ ሆኖ ተወጥሮ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ የአልጋው ወፍራም እንጨት ይችለዋል፣ የዚህ ወንበር ቀጭን ጎን ግን ይጣመማል። ከሐይቁ አጠገብ ደግሞ ክረምቱን በሙሉ እርጥበት እየጠጣ ይላላል፣ በበጋው እንደገና ይሰበሰባል። ባይሆን ለሌላ ወንበር ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ለወፍራም የዋንዛ በርጩማ ምርጥ ነው።

ሸራ ሰፊ፦
ስፌቱን በተመለከተ የባጃጅ ወንበርና ሸራ ሰፊዎችን የጠቆሙት ልክ ነው፣ ምክንያቱን ልጨምር። የልብስ ሰፊ የእግር መኪና አራት ድርብ ወፍራም ጨርቅ ላይ ሲደርስ መርፌ ይሰብራል ወይም ክር ይዘላል። የባጃጅ ሰፊዎች የስፌት መኪና ሸራና ፕላስቲክ የለመደ ነው። ከመኪና ወንበር ሰፊዎች ጋር ሲነጻጸሩ ለአንድ ወንበር የሚሆን ትንሽ ሥራ አይንቁም፤ የመኪናዎቹ ሙሉ የመኪና ልብስ ሲመጣ ያንቺን ወደ ጎን ያደርጉታል። በጥራት ግን የመኪና ሰፊዎቹ ይበልጣሉ፤ ጠርዙ ላይ ገመድ የገባበት ስፌት ከፈለግሽ እነሱ ጋ ሂጂ።

የባጃጅ ሰፊ ጋ የሚያጋጥመው ችግር ሌላ ነው፦ ስፖንጁንም እኔ ልሙላልሽ ይልና ቁርጥራጭ ይሞላበታል። ስለዚህ የእጅ ዋጋ ብቻ ተነጋገሪ፣ ዕቃውን ራስሽ አቅርቢ፣ ቀብድ ከግማሽ አይለፍ።

የምትነግሪው ልክ፦ ክሩ ፖሊስተር እንጂ ጥጥ አይሁን፣ የስፌቱ እርምጃ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር። ዚፑ 75 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ከኋላ በኩል በሁለቱም ማዕዘን 10፣ 10 ይታጠፍ። 50 ብቻ ከሆነ ስፖንጁ ሲገባ ዚፑ ጥርሱን ይለቃል፣ ለማጠብ ማውጣትም ትግል ነው።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ስፖንጁን እንዴት ልለየው? ሁሉም ሻጭ ጠንካራ ነው ይላል።

ሸራ ሰፊ፦
በሚዛን። በእጅ መጫን ያታልላል፤ ጠንካራ የሚመስል ቀላል ስፖንጅ በጥቂት ወር ይሰምጣል። የሚቆየው ክብደት ያለው ነው። 50 በ50 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ 750 ግራም ከመዘነ እፍጋቱ በሜትር ኩብ 30 ኪሎ ነው፣ ለመቀመጫ ይሆናል። ያው ቁራጭ 500 ግራም ከሆነ 20 ኪሎ ማለት ነው፤ ለመደገፊያ እንጂ ለመቀመጫ አትግዢው። ገበያ ውስጥ ሚዛን ከማንኛውም ቅመም ሻጭ ይገኛል። ከሁሉም ዕቃ ገንዘብሽን እዚህ ላይ አውጪ፤ ጨርቅ በኋላ ይቀየራል፣ የሰመጠ ስፖንጅ ግን የተሰፋውን ጨርቅ ሁሉ ያጨማድዳል።

ስፖንጁ ከጨርቁ ልክ በየአቅጣጫው 1 ሳንቲ ሜትር ይብለጥ፤ 56 በ56 ይቆረጥ። ረጅም የዳቦ ቢላ ተስሎ በአንድ አቅጣጫ ሲሳብ ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል፣ ወዲያና ወዲህ ከተፈገፈገ ጠርዙ ይቦጫጨቃል። ሁለት 5 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ ደርቦ 10 ማድረግ ይቻላል፤ ማስቲሹ በጠርዙ ዙሪያ ብቻ ይቀባ፣ መሃሉ ላይ ከተቀባ ሲቀመጡበት የሚቆረቁር ቅርፊት ይሆናል። ከላይ የአቡጀዲ ልብስ ይልበስ። አቡጀዲው ካለ የላይኛው ጨርቅ በቀላሉ ይገባል፣ ሲታጠብም ስፖንጁ አይበላሽም።

ድርና ማግ፦
ጨርቁን እኔ ልመልስ። ሦስት ምርጫ አለ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ገበያ ከጨርቅ ሻጮች የሚገኝ የሶፋ ጨርቅ ነው። ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ 140 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ሁለቱም ትራስ በ2 ሜትር ያልቃል፦ ከስፌት ትርፉ ጋር ለመቀመጫው ላይና ታች ጎን ለጎን ተቆርጠው 58፣ ለመደገፊያው 53፣ ለጠርዝ ጥብጣቦቹ 48 ያህል፣ የቀረው ለዚፑና ለስህተት ነው። ይህ ግን መስመር ወይም አበባ የሌለው ጨርቅ ላይ ነው፤ አበባ ማጋጠም ካለ ግማሽ ሜትር ጨምሪ። ከመግዛትሽ በፊት ከጠርዙ አንድ ክር መዘሽ አቃጥይው። እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ከሆነ ጥጥ ነው፣ ቀልጦ ጠጣር ዶቃ ከሆነ ፖሊስተር። እርጥብ ነጭ ጨርቅ አሽተሽበት ቀለም ከለቀቀ ተይው።

ሁለተኛው የእጅ ሽመና ነው፤ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። ለዚህ ዓይነቱ ወንበር ጥሬ የሽመና መልክ ያለው አንድ ቀለም ጨርቅ የሚስማማውን ያህል የሚያብረቀርቅ የሶፋ ጨርቅ አይስማማውም። የአውራምባ ማኅበረሰብ ሰዎች የሽመና ሥራቸው የታወቀ ነው፤ መንደራቸው ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ በኩል ነው። ከባሕር ዳር ሸማኔዎችም ማዘዝ ይቻላል። ሲታዘዝ እንደ ነጠላ ሳሳ ያለ እንዳይሆን ድሩም ማጉም ድርብ ክር ይሁን፣ ጠበቅ ተደርጎ ይመታ በያቸው። ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥተሽ ብርሃኑ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ካለፈ ለመቀመጫ ሳስቷል። ስፋቱ ጠባብ ነው፤ 80 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 3 ሜትር ያስፈልጋል። ሳይቆረጥ በፊት በሙቅ ውሃ ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ይተኮስ፤ ያልታጠበ የእጅ ሽመና ከተሰፋ በኋላ ይሰበሰብና ዚፑ አልዘጋም ይላል። ጠርዙም ቶሎ ስለሚተረተር እያንዳንዱ ቁራጭ እንደተቆረጠ ዙሪያው ይጠለፍ።

ሦስተኛው የባጃጅ ወንበር የሚለብሰው ሰው ሠራሽ ሌዘር ነው። ርካሽ ነው፣ ውሃ አይገባውም፤ ልጆች ላሉበት ቤትና ለካፌ በረንዳ ጥሩ ነው። በባሕር ዳር ሙቀት ግን ጀርባን ያልባል፣ ፀሐይ በቀጥታ ከመታው ይሰነጣጠቃል። ከወሰንሽው ከትራሱ ጀርባ ትንንሽ የአየር ቀዳዳ ይደረግለት፤ አለበለዚያ ሲቀመጡበት እንደ ኳስ ይነፋና ስፌቱን ይቀደዋል።

ጠያቂ፦
እውነተኛ ቆዳስ?

ድርና ማግ፦
በዚህ በጀት አይመከርም። በቀላሉ የሚገኘው የበግ ቆዳ ነው፤ የእኛ በግ ቆዳ ለጓንት የሚፈለገው ስስና ለስላሳ ስለሆነ ነው፣ ያው ስስነቱ መቀመጫ ላይ ያስቀድደዋል። ለመቀመጫ 1 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ የከብት ቆዳ ያስፈልጋል። ለሁለቱ ትራስ ከብክነቱ ጋር ወደ 25 ካሬ ፊት ይወስዳል፤ የሽመናውን ወጪ ብዙ እጥፍ ያደርገዋል።

ሹም አቦ፦
እግረ መንገዴን፦ የታጠፈ የብረት ቱቦ ሆኖ መቀመጫው የቀርከሃ መረብ የሚመስል ወንበር ላላቸው። ይህ በ1928 እ.ኤ.አ. የቤት ዕቃ ንድፍ ባለሙያው ማርሴል ብሮየር የነደፈው ቼስካ የሚባል ወንበር ወይም የእሱ ቅጂ ነው። የተቀደደውን መረብ በደንገል ለመተካት አትሞክሩ፤ ደንገል ለታንኳና ለቅርጫት እንጂ ደርቆ የሰው ክብደት አይችልም። ጠበቅ ተደርጎ የተገመደ የቃጫ ገመድ ግን በመቀመጫው የእንጨት ክፈፍ ላይ ቢጠለፍ ይችላል። ቱቦው መታጠፊያው ላይ ከተሰነጠቀ በተራ የኤሌክትሪክ ብየዳ አታስነኩት፣ ስስ ስለሆነ ይበሳል፤ በጋዝና በነሐስ የሚበይድ ፈልጉ።

ካቻቢቴ፦
እህቴ፣ ቅደም ተከተሉን እንዳታፋልሺ፦ አናጢ፣ ዘይት፣ ላስቲክ፣ ስፖንጅ፣ ስፌት። ዘይቱ በደንብ ሳይደርቅ ትራስ ከተቀመጠበት ጨርቁ ላይ የማይለቅ ቡናማ መስመር ይተዋል። ክረምት ከመግባቱ በፊት ጀምሪው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ኮላውም ዘይቱም ከሚጠበቀው በላይ ይዘገያሉ። ወንበሩን ለሰፊው ስትወስጂ ደግሞ ትራሱን ብቻ ሳይሆን ወንበሩንም ይዘሽ ሂጂ። ሰፊው አቡጀዲውን አስቀድሞ ሰፍቶ ወንበሩ ላይ ይለካው፤ በክንዶቹ መካከል ተጨንቆ ከገባ ወፍራሙ ጨርቅ ሲደረብበት ጭራሽ አይገባም፣ ያኔ ጨርቁ ሳይቆረጥ በየጎኑ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ይቀንስ።