የቅድመ አያቴን የጀርመን መንደር ለማግኘት እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ የእናቴ አያት ጀርመናዊ ናቸው፣ በምኒልክ ዘመን መጥተው አዲስ አበባ አናጺ ሆነው ኖረው እዚሁ ነው የተቀበሩት። ያለን አንድ ፎቶና የጋብቻ ወረቀታቸው ነው፣ ወረቀቱ በ1879 እ.ኤ.አ. ተወለደ፣ ፕሮቴስታንት፣ ኖይሃውዘን፣ ቩርተምበርግ (ያኔ ደቡብ ጀርመን የነበረ ግዛት) ይላል። ግን ኖይሃውዘን የሚባል መንደር አንድ ብቻ አይደለም እኮ፣ ሽቱትጋርት አጠገብ አለ፣ ሜትሲንገን ጋ አለ፣ ቱትሊንገን በኩልም አለ። ለአንዱ ማዘጋጃ ቤት ኢሜይል ብልክ የልደት መዝገብ 110 ዓመት ካለፈው ወደ አርካይቭ ስለሚሄድ እኛ ጋ አይገኝም አሉኝ። አርክዮን የሚባል ድረገጽ ላይ የፕሮቴስታንት ቤተክርስቲያን መዝገቦች በክፍያ አሉ፣ ከፍዬ ገባሁ ግን ጽሁፉ የድሮው የእጅ ጽሁፍ ስለሆነ ጀርመንኛ አቀላጥፋ የምትናገረው የአክስቴ ልጅ ራሷ ማንበብ አቃታት። በፌስቡክ ደግሞ በቤተሰባችን ስም የሚጠሩ ሽቱትጋርት ያሉ ትልቅ ሴትዮ አገኘሁ፣ የአያቴ ወንድም አቢሲኒያ ሄዶ ቀረ ሲባል እሰማ ነበር አሉኝ፣ የሳቸው ሰው ይሁን የኛ ሰው ገና አልተረጋገጠም፣ መንደሩንም አያውቁትም፣ ግን ለሐምሌ ነይ ብለው ጋብዘውኛል። እናቴ ይህን ከሰማች ወዲህ ፎቶውን ከእጇ አታወርድም፣ በህይወት እያለች የአያቷ ሰዎች እነማን እንደሆኑ እንድታውቅ በጣም ነው የምፈልገው። የጀርመን ዘር ፈልጋችሁ ያገኛችሁ፣ የሶስቱንም ቦታ መዝገብ ሳላገላብጥ የትኛው ኖይሃውዘን እንደሆነ የሚለይልኝ ምን አይነት ሰነድ ነው፣ የትስ ነው የሚጠየቀው?