የምጽዋ ወደብና ጎዳናዎች በ1940ዎቹ

ጥያቄ፦ አባቴ በ1940ዎቹ ምጽዋ ወደብ ላይ ጭነት ያወርዱ ነበር። ከባቡሩ እስከ መርከቡ ያለው መንገድ ምን ይመስል እንደነበር የሚያስታውስ አለ?

መልስ፦ አሮጌው ከተማ ያለበት ደሴት ጥዋለት ከሚባለው ሌላ ደሴት፣ ጥዋለትም ከየብስ ጋር ባሕር ላይ በተሠራ የድንጋይ መንገድ ስለሚገናኙ፣ ከአስመራ 118 ኪሎ ሜትር የሚወርደው ባቡር ወደቡ ድረስ ይዘልቅ ነበር። ቤቶቹ ከባሕር ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ በበጋ ሙቀት (የቀመሰው ያውቀዋል!) ሰው አልጋውን አውጥቶ ደጅ ያድር ነበር።

ሌላ መልስ፦ ጣልያኖች በ1933 ዓ.ም. ሲሸነፉ ወደቡን ለመዝጋት ብዙ መርከቦች አስጥመው ነበር። አሜሪካዊው የባሕር ኃይል መኮንን ኤድዋርድ ኤልስበርግ በመራው ሥራ በርካቶቹ ባይነሡ ኖሮ፣ አባትዎ የሚያወርዱት ጭነት ባልኖረ ነበር።