ቢአርኤም ቪ16፦ የራሱ የሞተሩ ድምፅ ያለበት የድሮ ፊልም እንዴት ይገኛል?

ባለ16 ጠየቀ፦

ጤና ይስጥልኝ። የእንግሊዙ የውድድር መኪና ቡድን ቢአርኤም ባለ 1.5 ሊትር ቪ16 ሞተር (16 ሲሊንደሮቹ በቪ ቅርጽ የተደረደሩ) መኪናውን ካሳየበት ከ1949 ጀምሮ እስከ 1953 ድረስ የተቀረጸ ፊልም እየፈለግኩ ነው (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ምስሉ አይጠፋም፤ ያስቸገረኝ ድምፁ ነው። በአንዱ ቅጂ ላይ ጆሮ እስኪበሳ ይጮኻል፣ በሌላው ላይ ያው መኪና እንደ ጭነት መኪና ያጓራል። ሦስት ነገር ልጠይቅ፦ ብዙ ሰው ያላየውን ቀረጻ የት ልፈልግ? ድምፁ የራሱ የሞተሩ መሆኑን በምን ላረጋግጥ? ደግሞ አንድ 16 ሚሜ ጥቅል ለሽያጭ ቀርቧል፤ ሻጩ «ትንሽ የኮምጣጤ ሽታ አለው» ይላል። ልግዛው ወይስ ልተወው?

ጥሬ_ፊልም መለሰ፦

በመኪናው ስም ብቻ አይፈልጉ። የዜና ፊልም ድርጅቶች መዝገብ የሚይዙት በቦታና በቀን ስለሆነ፣ መኪናው በደንብ የሚታይበት ጥቅል «የሞተር ውድድር» ከሚል ርዕስ በቀር ምንም ላይጻፍበት ይችላል። ስለዚህ ከቀኑ ይነሱ፦ ዲሴምበር 15 ቀን 1949 መኪናው ፎኪንግሃም አየር ማረፊያ ላይ ለጋዜጠኞች የታየበት፤ ኦገስት 26 ቀን 1950 ሲልቨርስቶን፣ የሬይሞን ሶሜር መኪና መነሻው ላይ ተበላሽቶ የቆመበት፤ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1950 ጉድዉድ፣ ሬጅ ፓርኔል ሁለት አጫጭር ውድድሮች ያሸነፈበት፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 29 ባርሴሎና፤ ጁላይ 14 ቀን 1951 ሲልቨርስቶን፣ ፓርኔል 5ኛ ፒተር ዎከር 7ኛ የወጡበት፤ ሴፕቴምበር 1951 ሞንዛ፣ ለልምምድ ወጥቶ ውድድሩን ሳይጀምር የቀረበት፤ በ1953 ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ አልቢ፣ እነ ፋንጂዮና ጎንዛሌዝ የነዱበት።

አሁን እያንዳንዱን ቀን ከአገሩ ማኅደር ጋር ያገናኙ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ መኪናው እንግሊዛዊ ነውና እንግሊዝ ብቻ ይፈልጋል። ባርሴሎናን በስፔኑ የዜና ፊልም በኖ-ዶ፣ ሞንዛን ሮም ባለው የፊልም ማኅደር በኢስቲቱቶ ሉቼ (ሴቲማና ኢንኮም የተባለው የጣሊያን ዜና ፊልም ጥቅሎች እዚያ ናቸው)፣ አልቢን በፈረንሳዩ የድምፅና ምስል ማኅደር በኢና ውስጥ ይፈትሹ። የፍለጋውን ቃልም በየአገሩ ቋንቋ ይጻፉ፤ ጣሊያንኛው ማኅደር በእንግሊዝኛ ቃል ብዙ አይገልጥም። የእንግሊዞቹን በተመለከተ፣ የጎሞንትና የፓራማውንት ዜናዎች የሮይተርስ ሲሆኑ የሚታዩት በብሪቲሽ ፓቴ ድረ ገጽ ነው፤ ሙቪቶን ደግሞ በዜና ወኪሉ በኤፒ ማኅደር በኩል ይገኛል።

ከሁሉም በላይ የሚረዳው የካሜራ ሠራተኛው ከፊልሙ ጋር የሚልከው ወረቀት፣ ዶፕ ሺት የሚባለው ነው። ምን እንደተቀረጸ፣ አንዳንዴም ድምፅ አብሮ መቀዳቱን ይነግራል። ሌርኒንግ ኦን ስክሪን የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ከ1910 እስከ 1979 ያሉትን የእንግሊዝ ዜና ፊልሞች የመዘገበበት የመረጃ ቋት አለው፤ ከተረፉት ወረቀቶች ብዙዎቹ እዚያው ተቃኝተው ይገኛሉ። የዜናውን ቁጥርና የወጣበትን ቀን ከዚያ ይያዙና ለማኅደሩ ሲጽፉ «የተላለፈውን ሳይሆን ተቆርጦ የቀረውን ጥሬ ቀረጻ አላችሁ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ለሕዝብ የቀረበው ዜና ብዙ ጊዜ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም፤ ብርቁ ነገር ያለው የተቆረጠው ውስጥ ነው። ለመመልከቻ የሚልኩት ሰዓት የታተመበት ቅጂ ለምርምር ይበቃል፤ የማሳያ ፈቃድ አስቀድመው አይግዙ።

ሄርዝ_ቆጣሪ መለሰ፦

ሁለተኛውን ጥያቄ ልውሰደው። የዚያን ዘመን ዜና ፊልም ብዙውን ጊዜ ያለድምፅ ይቀረጽና ከተቀመጠ የድምፅ ክምችት ላይ የሌላ መኪና ጩኸት ይለጠፍበት ነበር። ያ «እንደ ጭነት መኪና የሚያጓራው» ቅጂ እንዲህ የተለጠፈበት ሊሆን ይችላል። ግን ጆሮን ማመን አያስፈልግም፤ ይለካል።

ባለ አራት ምት ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንዴ ይተኩሳል። 16 ሲሊንደር ማለት በአንድ ዙር 8 ፍንዳታ ነው። በደቂቃ 10,000 ዙር ላይ 10,000 ለ60 ተካፍሎ በ8 ሲባዛ 1,333 ሄርዝ (በሰከንድ 1,333 ፍንዳታ) ይመጣል። ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር በ6,500 ዙር የሚሰጠው 325 ሄርዝ ብቻ ነው። ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ የተለጠፈ ድምፅ በቀላሉ ይጋለጣል።

ድምፁን ኦዳሲቲ የተባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ውስጥ ያስገቡና ወደ ስፔክትሮግራም (የድምፁን ድግግሞሽ በጊዜ ወደሚያሳይ ሥዕል) ይቀይሩ፤ የመስኮቱን መጠን 4096 ያድርጉት። ማርሽ ሲቀየር የሚወርድና የሚወጣ ደማቅ መስመር ያያሉ። መኪናው በካሜራው አጠገብ ካለፈ፣ ሲመጣ ያለውን ድግግሞሽና ሲሄድ ያለውን ለየብቻ ይያዙ። ሁለቱን አባዝተው እንደገና በ2 ያባዙና ለድምራቸው ያካፍሉ፤ ትክክለኛው የሞተሩ ድግግሞሽ ይህ ነው። የሁለቱን ልዩነት ለድምራቸው አካፍለው በ343 (የድምፅ ፍጥነት በአየር ውስጥ፣ በሜትር በሰከንድ) ሲያባዙ ደግሞ የመኪናው ፍጥነት በሜትር በሰከንድ ይወጣል። ይህ ሁለተኛው ቁጥር ለዚያ ቀጥታ መንገድ የማይመስል ከሆነ ወይ ድምፁ ወይ የፊልሙ ፍጥነት ተነካክቷል።

እዚህ ላይ ሦስት ወጥመዶች አሉ። ፊልሙ በሰከንድ በ24 ፍሬም ተቀርጾ በአውሮፓ ቴሌቪዥን በ25 ከተላለፈ ድምፁ 4 በመቶ ያህል ከፍ ይላል፤ 1,333 የነበረው 1,389 ይሆናል። ሁለተኛ፣ የቪ ሞተር ማርሚታ ግራና ቀኝ ስለሚለያይ በአንድ በኩል የቆመ ማይክሮፎን የ8ቱን ሲሊንደር መስመር፣ ማለትም ግማሹን ድግግሞሽ፣ አጉልቶ ሊቀዳ ይችላል። ሦስተኛ፣ «ድምፁ የጸዳ» የሚባል ቅጂ ደካማዎቹን መስመሮች አብሮ ስለሚያጠፋቸው ያልተነካውን ይጠይቁ።

ባለ16፦

በጣም አመሰግናለሁ። ሁለቱን ቅጂዎች ለካኋቸው። የሚያጓራው ቅጂ መኪናው ሲመጣም ሲሄድም ከ310 ሄርዝ ንቅንቅ አይልም። የሚጮኸው ሲመጣ 1,290፣ ሲሄድ 890 ነው።

ሄርዝ_ቆጣሪ፦

የመጀመሪያው የተለጠፈ ነው። በፍጥነት እያለፈ ድምፁ የማይወርድ መኪና የለም። ሁለተኛው 1,053 ሄርዝ ይሰጣል፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 63 ሜትር፣ በሰዓት 227 ኪሎ ሜትር ገደማ። ለቪ16 ይህ 7,900 ዙር ነው፤ ሞተሩ እስከ 12,000 ይሽከረከር ስለነበር ያስኬዳል። 1,053 የአንድ ጎን መስመር ነው ብንል ግን 15,800 ዙር ይሆናል፤ የማይቻል ነው። የፌራሪ ቪ12 በ7,000 ዙር 700 ሄርዝ፣ አልፋ ሮሜዮ 159 በ9,300 ዙር 620 ሄርዝ ነው፤ ሁለቱም አይደርሱበትም። አንድ ጥንቃቄ ግን ይቀራል፦ በ526 ላይ ከ1,053 የበለጠ ደማቅ መስመር ካለ፣ የላይኛው የባለ 8 ሲሊንደሩ የአልፋ ድምፅ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ በዚያች ሰከንድ የሚያልፈው የትኛው መኪና እንደሆነ ምስሉን ማየት ነው።

የፊልም_ጠርዝ መለሰ፦

ስለ ጥቅሉ። ከመግዛትዎ በፊት የፊልሙን ጠርዝ በቅርበት ፎቶ አንስተው እንዲልኩልዎ ይጠይቁ። 16 ሚሜ ላይ ቀዳዳው በሁለቱም ጠርዝ ከሆነ ድምፅ የለውም፤ ለእርስዎ ዓላማ አይሆንም። በአንድ ጠርዝ ብቻ ከሆነ በሌላው በኩል የሚወዛወዝ መስመር (ኦፕቲካል) ወይም ቡናማ ጭረት (ማግኔቲክ) መኖሩን ይመልከቱ፤ ባዶ ከሆነ ያው ድምፅ አልባ ነው። በኮዳክ ፊልም ጠርዝ ላይ ያሉት ክብ፣ አራት ማዕዘንና ሦስት ማዕዘን ምልክቶች የተመረተበትን ዓመት ይናገራሉ። በየ20 ዓመቱ ይደጋገማሉ፤ የሚነግሩትም ባዶው ፊልም የተመረተበትን እንጂ ውድድሩ የተቀረጸበትን አይደለም።

ሽታው የአሲቴት ፊልም መበስበስ ነው፤ አይመለስም፤ የሚቻለው ማዘግየት ብቻ ነው። ጥቅሉን ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ፣ ከሌሎች ፊልሞች ለይተው ያስቀምጡ፤ የሚተነው አሲድ ጎረቤቱንም ያስጀምረዋል። ኤ-ዲ ስትሪፕ የሚባለውን ወረቀት ቆርቆሮው ውስጥ ቢተዉ ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያ ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ ቢጫ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ይቃኝ። በፕሮጀክተር ግን አንዴም አያጫውቱት! ከ1 በመቶ በላይ የተኮማተረ ፊልም ጥርሱ ላይ ይቀደዳል። ጥርስ አልባ ስካነር ያለው ቤት ይምረጡ፤ የድምፁን ትራክም ለብቻው እንዲያነቡ ይዘዙ። 16 ሚሜ ላይ የኦፕቲካል ድምፁ ከምስሉ 26 ፍሬም ቀድሞ ነው የሚታተመው። ስካነሩ ይህን ካላስተካከለ ድምፁ ከአንድ ሰከንድ በላይ ይቀድማል፤ «የተለጠፈ ነው» ብለው በስህተት ይጥሉታል።

የዋጋውን ነገር ሲመዝኑ፣ 100 ጫማ ፊልም በ24 ፍሬም 2 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ብቻ ነው። 35 ሚሜ ጥቅል ቢቀርብልዎ ደግሞ እስከ 1951 አካባቢ ናይትሬት ሊሆን ይችላል፤ በቀላሉ ይቀጣጠላልና በፖስታ እንዳይላክ፣ ማኅደር ያማክሩ።

ካንዴላ መለሰ፦

ሁለት አጭር ማስጠንቀቂያ። «ቢአርኤም» ብቻ ተብሎ የሚሸጥ ጥቅል ብዙ ጊዜ የ1962ቱ ቪ8 ወይም የ1966ቱ ኤች16 ነው። በእነዚያ ሞተሩ ከነጂው ኋላ ነው፤ በቪ16 ፊት ለፊት ነው። ስለዚህ አንድ ፍሬም ፎቶ ይበቃል። ሌላው፣ የታደሱት ቪ16 መኪኖች ዛሬም በትርዒት ላይ ስለሚነሡ፣ የዘመኑ ቪዲዮ ጥቁርና ነጭ ተደርጎ ሲዞር ይታያል። የነጂውን የራስ ቁር፣ ከኋላ ያሉትን ተመልካቾችና የመንገዱን ጠርዝ ይመልከቱ። ድምፁ ከምስሉ ተቆርጦ ለሌላ የድሮ ፊልም ስለሚለጠፍ ደግሞ፣ በሄርዝ ልኬት ብቻ አለፈ ብለው አይተዉት፤ ማርሽ ሲቀየር መስመሩ የሚሰበርባት ቅጽበት ከምስሉ ጋር መግጠሟን ቢያንስ ሦስት ቦታ ይፈትሹ።